የሰማ ላልሰማ ያሰማ? መርዶ ከገበያ አዋጅ እስከ ፌስቡክ

መግቢያ

“የመገናኛ ቴክኖሎጂ ዓለምን አንድ መንደር አድርጓታል” የሚለውን አባባል ማንኛውም የጋዜጠኝነት ተማሪ ገና አንደኛ ዓመት ሳለ ይሰማዋል። አባባሉን ያስተዋወቀው ካናዳዊው ምሁር ማርሻል ማክሉሃን ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ፣ ማለትም ኢንተርኔት በሰው እጅ ከመግባቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነበር። ውድ የቡለቲናችን አንባብያን፣ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከእውነተኛ መንደር የመጣን ነን። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ላንሳ። በመንደር ውስጥ ወሬ ዝም ብሎ ነው እንዴ የሚነገረው? ማን ይናገር፣ መቼ ይነገር፣ በማን ፊት ይነገር የሚባል ነገር የለም?

አለ። እንዲያውም ወሬው ከባድ በሆነ ቁጥር ሥርዓቱም እየጠበቀ ይሄዳል። ከሁሉ የከበደው ወሬ ደግሞ የሞት ወሬ ነው። ለሟች የቅርብ ሰው የሚነገረው የሞት ወሬ በቋንቋችን የራሱ ስም አለው፤ መርዶ ይባላል። ቴክኖሎጂ የግል ግንኙነታችንን እንዴት እንደለወጠው ለማጥናት ብዙ መንገድ ሊኖር ይችላል። ስለ ሰላምታ፣ ስለ ፍቅር ደብዳቤ፣ ስለ ጓደኝነት መጻፍ ይቻላል። እኔ ግን መርዶን የመረጥኩት ለውጡ በደንብ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ሰላምታ በፌስቡክ ቢደርስ የሚጎዳ ሰው የለም። መርዶ በፌስቡክ ሲደርስ ግን የሚጎዳ ሰው አለ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ድሮ አዋጅና መርዶ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ነበሯቸው። ደብዳቤና ስልክ ሲመጡም መንገዶቹ እንደተለያዩ ቆይተዋል። ማኅበራዊ ሚዲያ ግን ሁለቱን ወደ አንድ መንገድ አስገባቸው። በዚህም ምክንያት ድሮ የመርዶ ነጋሪው የነበረው ኃላፊነት ዛሬ ስልክ በያዘ ሰው ሁሉ ላይ ወድቋል።

አዋጅና መርዶ

የተወለድኩባት ይፋግ ዛሬ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ስሟ የገነነ የንግድ ቦታ ነበረች። በጎጃምና በጎንደር መካከል የሚመላለሱ ነጋዴዎች ያርፉባት፣ ቀረጥም ይከፍሉባት ነበር። በዚያ ዘመን አገራችንን የጎበኙ አውሮፓውያን መንገደኞችም ገበያዋን በጽሑፋቸው ጠቅሰዋል።

በዚያ ጊዜ እንደ ይፋግ ያለ ገበያ እህልና ጨው የሚገበያዩበት ቦታ ብቻ አልነበረም። በዛሬ አነጋገር መገናኛ ብዙኃንም ነበር ማለት ይቻላል። የገዥ አዋጅ የሚነገረው ሰው በሚሰበሰብበት በገበያ ቀን፣ ነጋሪት ተጎስሞ ነበር። በአዋጅ ጊዜ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ “የሰማ ላልሰማ ያሰማ” ይባላል። ትእዛዙ ግልጽ ነው። የሰማኸውን ይዘህ ሂድ፣ ላገኘኸው ሁሉ ንገር፣ ምርጫ አታድርግ ማለት ነው። አዋጅ በፍጥነትና በብዛት ሲሰራጭ ጥሩ ነው። ማን ቀድሞ ሰማ፣ ማን ዘግይቶ ሰማ የሚለው ብዙ አያስጨንቅም።

መርዶ የዚህ ተቃራኒ ነው። መርዶ ያወቀ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዝም ማለት ነው። በእኛ አካባቢ የሚደረገውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

1ኛ፦ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለቅርብ ሐዘንተኛው አይደለም። ለአንድ ሽማግሌ፣ ለጎረቤት፣ ለነፍስ አባት ወይም ጠንከር ላለ ዘመድ ነው የሚደርሰው።

2ኛ፦ እነዚህ ሰዎች ይመካከራሉ። ሐዘንተኛው ሕመም አለበት ወይ? እርጉዝ ናት ወይ? አራስ ናት ወይ? መንገድ ላይ ናቸው ወይስ ቤት? ይህ ሁሉ ይጠየቃል።

3ኛ፦ ሰዓት ይመረጣል። መርዶ በሌሊት አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ወደ ሥራው ሳይወጣ ነው።

4ኛ፦ ዘመድና ጎረቤት አብሮ ይሄዳል። ራሷን መሬት ላይ እንዳትጥል፣ ፊቷን እንዳትቧጭር የሚይዟት ሰዎች በሁለት በኩል ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ነው የሚነገራት።

5ኛ፦ ጡሩምባው የሚነፋው፣ ለዕድሩና ለአገሩ የሚነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ጡሩምባ አዋጅ ነው፤ ለሁሉም ይሰማል። ግን ከመርዶው አይቀድምም። የሞት ወሬ በመጨረሻ ለአገር ሁሉ መነገሩ አይቀርም፤ ቀብር ያለ ሰው አይሆንም። ጥያቄው የቅደም ተከተል ብቻ ነው። ቤቱ ሳይሰማ አገሩ ሊሰማ አይገባም። ይህን ሥርዓት የጻፈው ሕግ አውጪ የለም። ሰው ክፉ ወሬ በሰማበት ሰዓት የሚይዘው እጅ ያስፈልገዋል ከሚል ልምድ የመጣ ነው።

ደብዳቤ፣ ስልክና ሬዲዮ

በአገራችን ዘመናዊ የፖስታ አገልግሎት የተጀመረው በ1886 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። ስልክም ወደ አገራችን የገባው በዚሁ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ነው። የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር ሥራ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪካችን መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። እነዚህ ቴክኖሎጂዎች ወደ ገጠር ከተሞች እስኪደርሱ ግን ብዙ ዓሥርት ዓመታት ፈጅቷል።

ደብዳቤ ሲመጣ መርዶ ምን ሆነ? ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን ከሆነ የሞት ወሬ የያዘ ደብዳቤ በቀጥታ ለሐዘንተኛው አይጻፍም ነበር። ወይ ለጎረቤት፣ ወይ ለአስተማሪ፣ ወይ ለዘመድ ይጻፋል። “ሰው ሰብስባችሁ ንገሯት” የሚል ቃል ይኖርበታል። ለራሷ የሚጻፈው ደብዳቤ ላይ “ሁላችንም ደህና ነን” ይባላል። ይህ ነገር ዛሬ ለምናነብ ሰዎች ውሸት ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ጸሐፊው እውነቱን መደበቅ አልፈለገም፤ እውነቱ በወረቀት ሳይሆን በሰው አፍ እንዲደርስ ነው የፈለገው። በዚያ ላይ ብዙ እናቶች ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን የሚያነብላቸው የሰፈሩ ተማሪ ነበር። መርዶን ያህል ነገር ለአንድ ሕፃን ልጅ ማስያዝ አይገባም።

ስልክም ቢሆን ይህን ሥርዓት ወዲያው አላፈረሰውም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑን በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ላለ ሰው አባቱ አገር ቤት ሲሞት ስልክ የሚደወለው ለእሱ አይደለም፤ ለጓደኛው ነው። ጓደኛው ሌሎች ጓደኞችን ይሰበስባል። በማለዳ፣ ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ቤቱ ሄደው በሩን ያንኳኳሉ። በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ሰው በር ላይ ያየ ኢትዮጵያዊ ገና ሳይነገረው ይገባዋል። ማለትም ቴክኖሎጂው ባሕር ተሻግሮ ወሬውን አደረሰ፤ የመጨረሻዋን እርምጃ ግን ሰዎች በእግራቸው ሄዱ።

የመጀመሪያው ትልቅ መፋለስ የመጣው በሬዲዮ ይመስለኛል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ የቀድሞ መንግሥት ባለሥልጣናትንና ሌሎችን፣ በተለምዶ “ስልሳዎቹ” የሚባሉትን፣ በአንድ ሌሊት ከረሸነ በኋላ ዜናውን በሬዲዮ አስነገረ። ቤተሰቦች የአባታቸውን፣ የባላቸውን፣ የልጃቸውን ሞት ከመላው አገሩ ጋር እኩል ሰሙ። ይህ መርዶ በቀጥታ አዋጅ የሆነበት አጋጣሚ ነው። ያን ያደረገው ግን መንግሥት ነበር። ተራ ሰው ቢፈልግም እንዲህ ማድረግ አይችልም ነበር። የሚችለው በአዲስ ዘመን ላይ (የእኛን ጎረቤት ከተማ ሳይሆን በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተውን ጋዜጣ ማለቴ ነው) የሐዘን መግለጫ ማውጣት ነበር። ያም ቢሆን ከቀብር በኋላ የሚወጣ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አያፋልስም።

ሞባይል በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን ኢንተርኔት ከእሱ በሁለት ዓመት ይቀድማል። ሞባይል ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ ሰዎች የራሳቸውን ብልሃት ፈጠሩበት። ሚስድ ኮል ለዚህ ምሳሌ ነው። አንድ ጊዜ ጮኾ ቢቋረጥ “ደርሻለሁ”፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ “ደውልልኝ” ማለት ይሆናል። አጭር የጽሑፍ መልእክትም ከምርጫ 97 በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ በ2000 ዓ.ም. መባቻ ሲመለስ ለእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት መለዋወጫ ሆነ። ሆኖም ሞባይል ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው የሚሄድ ነገር ነው። የሚደውለው ሰው ማንን እንደሚያናግር ያውቃል፤ ድምፁን ሰምቶም “የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ?” ብሎ መጠየቅ ይችላል። መርዶ ለመንገር የደወለ ሰው “ብቻዬን ነኝ” የሚል መልስ ከሰማ ወሬውን ውጦ ሌላ ሰው ይልካል።

ሻማ ያለበት ፎቶ

ፌስቡክና ቴሌግራም ሲመጡ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀረ። የሚለጥፍ ሰው “የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ?” ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለውም። የሚያየውን ሰው አያውቀውምና።

አሠራሩን ትንሽ ጠለቅ ብለን እንየው። አንድ ሰው ሲሞት ጓደኛው ፎቶውን ከሻማ ጋር አድርጎ “ነፍስ ይማር ወንድሜ” ብሎ ይለጥፋል። በደቂቃዎች ውስጥ ኮሜንት ይዘንባል። ፌስቡክ ደግሞ ብዙ ኮሜንት ያገኘን ነገር ይበልጥ ያሰራጨዋል። ለማን ነው ቀድሞ የሚያሳየው? ብዙውን ጊዜ ከዚያ ሰው ጋር በብዛት ለሚጻጻፍ፣ ፎቶውን ላይክ ለሚያደርግ ነው። ያ ማን ነው? እህቱ፣ እጮኛው፣ የልብ ጓደኛው ናቸው። እንግዲህ በመንደሩ ሥርዓት ወሬው በጥንቃቄ፣ በዙሪያ በኩል ቀስ ብሎ የሚደርሳቸው ሰዎች በፌስቡክ ሥርዓት ቀድሞና በቀጥታ የሚደርሳቸው ሆኑ። ይህ የማንም ክፋት አይደለም። ማሽኑ “ይህ ሰው ለእሷ ቅርብ ነው” የሚለውን ነገር በትክክል አውቋል። “ስለዚህ እንጠንቀቅላት” የሚለውን ግን አያውቅም።

በሰፈራችን የሆነ አንድ ነገር ላንሳ፤ ስም አልጠቅስም። አንድ ጎልማሳ ታሞ ለሕክምና ጎንደር ሄዶ እዚያው አረፈ። አስታማሚዎቹ ደንቡን አውቀው ወደ ይፋግ የደወሉት ለአንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ለእናቱ ነገ ጠዋት እንዲነገር አሰቡ። ነገር ግን የሥራ ባልደረባው ማታውኑ ፎቶውን ለጥፎ ነበር። ያንን ያየው የሟቹ የእህት ልጅ፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ልጁ አልጮኸም። ስልኩን ይዞ ሽማግሌው ቤት ሄደና “አባባ፣ እስቲ ይችን ይዩ” አላቸው። እሳቸውም አይተው “ዝጋው ልጄ። ለማንም እንዳትናገር፣ ለእናትህም ቢሆን” አሉት። ልጁ ቤቱ ገብቶ የእናቱን ስልክ ዳታ አጠፋ። ከአያቱና ከእናቱ ጋር ራት በላ። ሲነጋ ሰው ተሰብስቦ መጣ፤ መርዶው በወጉ ተነገረ።

የልጁን ጀግንነት ሁሉም ሰው አድንቋል። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የማስበው። ያን ሌሊት አንድ ሕፃን ልጅ ብቻውን መርዶ ተሸክሞ አደረ። ያች ቤት ቀና ብትልም፣ ዓረብ አገር ያለችው ሁለተኛዋ እህት ግን ከእሱ ስልክ ጋር እኩል ወሬው ደርሷት ነበር። እሷ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ማዳሟ አማርኛ አትሰማም። በዚያ ሌሊት በሁለት በኩል የሚይዛት ሰው አልነበረም።

እንዲህ ያለው ነገር በትልልቅ የአገር ሐዘኖችም ላይ ታይቷል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ የተባለው አሸባሪ ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያንን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ በኢንተርኔት ለቀቀ። የሟቾቹ ዜግነት በመንግሥት ከመረጋገጡ በፊት ምስሉን አይተው ልጃቸውን የለዩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ከእነዚህም በአዲስ አበባ ቂርቆስ አካባቢ የሚኖሩ ይገኙበታል። እናት የልጇን ሞት ከገዳዮቹ እጅ በወጣ ምስል ስታውቅ ከዚህ የከፋ መርዶ ነጋሪ አይኖርም። ያን ምስል ሼር ያደረግነው ግን ገዳዮቹ ሳንሆን እኛው ነን። “እዩልኝ ግፉን” ብለን በቅን ልቦና ነው ያደረግነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በተነሳ በ6 ደቂቃ ውስጥ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። በዚያው ረፋድ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የሐዘን መግለጫውን በትዊተር አወጣ። ናይሮቢ ላይ ተቀባይ ዘመድ ቆሞ እየጠበቀ ዜናው በዓለም ላይ ተሰራጨ። እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። ይህን ያህል አደጋ መደበቅ አይቻልም፤ ሕዝብም የማወቅ መብት አለው። አየር መንገዱ በዚያ ቀን የተሳፋሪዎቹን ዜግነትና ቁጥር ነበር የገለጸው። ዜግነትና ቁጥር አዋጅ ነው፤ ስም ግን መርዶ ነው። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህ ልዩነት ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል።

ያገኘነውስ የለም ወይ?

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው ጸሐፊው ቴክኖሎጂን ይጠላል ሊል ይችላል። አይደለም። በድሮው ሥርዓትም ብዙ የሚያሳዝን ነገር ነበር። ወሬው ዘግይቶ ደርሶ ቀብር ያመለጠው ሰው ስንት ነው? ወንድሙ ከሞተ ከዓመት በኋላ የሰማ ወታደርስ? ዘመድ “ትደነግጣለች” እያለ ስንት ወር ሙሉ የደበቃት፣ በኋላም “እንዴት እኔ ሳልሰማ?” ብላ የተቀየመች እህት የለችም ወይ? ጥንቃቄው አንዳንዴ ከልኩ ያልፍ ነበር።

ዛሬ ዓረብ አገር ያለች ልጅ በኢሞ የእናቷን ፊት ታያለች። እናትም የልጇን መክሳትና መወፈር አይታ ትናገራለች። ደብዳቤ ይህን አይችልም። በቪዲዮ ቀብር የተከታተሉ፣ እያለቀሱ ከልቅሶተኛው ጋር አብረው የዋሉ ሰዎች አሉ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ልቅሶ መድረስ ያልቻለ ሰው በስልክ ነበር “እግዜር ያጽናችሁ” የሚለው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቴሌብር የዕድር መዋጮና ለሐዘንተኛ የሚሆን ገንዘብ መላክ ተችሏል።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ነገር እናያለን። ጥሩ የምንላቸው አጠቃቀሞች ሁሉ ከመርዶው በኋላ የሚመጡ ናቸው። ቴክኖሎጂው ሐዘንተኛውን ለማጽናናት፣ የራቀውን ለማቅረብ በጣም ጠቅሟል። የጎዳው በመጀመሪያዋ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። ችግሩ ያች ሰዓት ሁለተኛ አትገኝም።

መስመሩ ሲቋረጥ

ቴክኖሎጂው በሌለበት ጊዜ የሚሆነውንም ማየት ይጠቅማል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በአብዛኛው አካባቢ ለሁለት ዓመት ያህል ቆየ። በ2015 ዓ.ም. ስልኩ መመለስ ሲጀምር አዲስ አበባና ውጭ አገር የነበሩ ሰዎች ደስ ብሏቸው ደወሉ። ብዙዎቹም በዚያችው የመጀመሪያ ጥሪ የአባትና የእናት፣ የወንድምና የእህት ሞት ተደራርቦ ተነገራቸው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የክልሉ ጊዜያዊ አስተዳደር የሐዘን ቀናት አውጆ በጦርነቱ ለሞቱት ታጋዮች ቤተሰቦች መርዶ በይፋ እንዲነገር አደረገ። በየሰፈሩ በአንድ ሰሞን ልቅሶ ሆነ።

በእኛም ክልል ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ አካባቢ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ወሬ የሚመጣው ከሚኒባስ በሚወርድ ሰው አፍ ነበር። ሰው ሁሉ መናኸሪያ ሄዶ “ከየት ነው የመጣችሁ? እንዴት ነው አገሩ?” ይል ነበር። አንዳንድ ሰዎች “መርዶም እንደ ድሮው ሆነ” ብለው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የድሮው ዝምታ ሰዎች ተመካክረው የመረጡት ዝምታ ነው፤ ማብቂያውም ነገ ጠዋት ነው። መስመር ሲቋረጥ የሚመጣው ዝምታ ግን ማንም ሐዘንተኛውን አስቦ ያመጣው አይደለም። ልጇ ይኑር ይሙት ለማታውቅ እናት ዝምታው ራሱ መርዶ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ቴክኖሎጂውን ማጥፋት ሊሆን አይችልም።

ሕግስ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚመለከተው ስሙ እንደሚለው ጥላቻንና ሐሰትን ነው። “እገሌ ሞተ” ተብሎ በውሸት ቢወራ ሐሰት ነው። የኛ ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ወሬው እውነት መሆኑ ነው። እውነት ነው፣ ግን ሰዓቱ አይደለም፤ ነጋሪውም ተገቢው ሰው አይደለም። ይህን ሕግ አይዳኘውም። ሊዳኘው የሚችለው ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ በእኛ እጅ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በትምህርት ክፍላችን የምንማረው አንድ የሙያ ደንብ አለ። የቅርብ ቤተሰብ ሳይሰማ የሟች ስም አይገለጽም የሚል ነው። ብዙዎቻችን ይህን ደንብ ከውጭ መጻሕፍት የመጣ አድርገን እናጠናዋለን። አያቶቻችን ግን መጽሐፉ ሳይጻፍ ሲሠሩበት ኖረዋል። ልዩነቱ ዛሬ ደንቡ ጋዜጠኛውን ብቻ አለመመልከቱ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች ለውይይት አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ከመለጠፍ በፊት መደወል። “ቤተሰቡ ሰምቷል ወይ?” የሚል አንድ ጥያቄ ለአንድ ቅርብ ሰው መጠየቅ። የማናውቅ ከሆነ መልሱ “አልሰማም” ነው ብለን መነሳት።

2ኛ፦ ሩቅ ያሉትን መቁጠር። ድሮ “ቤተሰቡ ሰማ” ማለት ቤት ያሉት ሰሙ ማለት ነበር። ዛሬ ቤተሰብ ቤይሩትም፣ ሪያድም፣ አዲስ አበባም አለ። ለእያንዳንዳቸው አጠገባቸው የሚገኝ አንድ ሰው ተፈልጎ ነው መነገር ያለበት። የሰፈር ሽማግሌዎችም በዚህ ጉዳይ ወጣቶችን ቢያማክሩ መልካም ነው፤ ቁጥሩ ያለው በወጣቱ ስልክ ነውና።

3ኛ፦ ኮሜንትም ስርጭት መሆኑን ማወቅ። “ነፍስ ይማር” ብለን ስንጽፍ ለሟች የጸለይን ይመስለናል፤ ግን ወሬውን አንድ እርምጃ ገፋነው ማለት ነው። መጀመሪያ ሐዘንተኛውን በግል እናጽናና። ብንችል ደግሞ በእግራችን ልቅሶ እንድረስ።

4ኛ፦ የአስከሬንና የአደጋ ምስል አለማስተላለፍ። ፊት የሚለይበት ምስል ሁሉ ለሆነ ሰው መርዶ ነው።

5ኛ፦ የሟችን ገጽ ቤተሰብ እንዲይዘው ማገዝ። ፌስቡክ የሟችን ገጽ በቤተሰብ ጥያቄ ወደ መታሰቢያ ገጽነት የሚቀይርበት አሠራር አለው። ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ እኛ ልናግዛቸው እንችላለን።

6ኛ፦ በክፍላችን ዜና አጻጻፍ ስንለማመድ ቁጥርና ቦታን ከስም መለየት። የአደጋ ዜና ቶሎ መነገር አለበት፤ ስም ግን ሊቆይ ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት ደብዳቤም ስልክም ወደ አገራችን ሲገቡ ሰዉ ለራሱ ሥርዓት አስማምቶ ተጠቅሞባቸዋል። ደብዳቤው ለጎረቤት ተጻፈ፣ ስልኩ ለጓደኛ ተደወለ። ማኅበራዊ ሚዲያን ግን ገና አላስማማነውም። ከገባ ብዙ ዓመት አልሆነውም፤ ስለዚህ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። የአንድ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ማንም ሳያስተምረው ስልኩን ይዞ ወደ ሽማግሌ መሄዱ ልማዱ ገና እንዳልጠፋ ያሳያል። ይሁንና ያን ሸክም ለልጅ መተው የለብንም።

“የሰማ ላልሰማ ያሰማ” ለአዋጅ የተባለ ነው። ለመርዶ ሲሆን የሰማ ሰው መጀመሪያ ማን እንዳልሰማ ይጠይቅ። ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን፣ በዚህ ጉዳይ ላይ በየአካባቢያችሁ ያለውን የመርዶ አነጋገር ልማድ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ቡለቲን ብታመጡ፣ የጎጃሙን፣ የወሎውን፣ የሸዋውንና የሌላውንም አካባቢ አንድ ላይ አድርገን ብናየው ለሙያችን የሚጠቅም ጥናት ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ።